የአባቴ «እሺ»

መጀመሪያ የተጣመመው መስመሩ ነበር። አባቴ ባልተሰመረ ወረቀት ላይ እንኳ ቀጥ አድርጎ የሚጽፍ ሰው ነው። በዚያ ጠዋት ግን ሦስተኛው መስመር ወደ ታች ተንሸራትቷል፤ አራተኛው ከወረቀቱ ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ቀጥሏል። ቀለሙ እስከ ዛሬ አልለቀቀም።

ገና ሊደርስ ስምንት ቀን ቀርቶት ነበር። በዚያ ወቅት የአሰብ ሙቀት ስለሚለዝብ አባቴ መስኮቱን ከፍቶ ከማለዳ ጀምሮ ይጽፋል። ከወደብ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሥራው ይኸው ነው። ሁለት መጻሕፍት አሳትሟል። በየዓመቱ ደግሞ ለገና አንድ አጭር ታሪክ ይጽፍና ለጎረቤት ያነባል። የማእዘኑ ባለሱቅ ሐጂ ይማም ሥጋችንን ባይበሉም ለታሪኩ ሲሉ ይመጣሉ። ንባቡ ሳያልቅ እጅ ወደ ትሪ አይዘረጋም።

«አባዬ፣ ምን ሆነሃል?» አልኩት።

ቀና አለ። የአፉ ቀኝ ጎን ወርዷል። ብዕሩ ከእጁ ወደቀ።

«እሺ» አለኝ።

ጩኸቴን ሰምተው ጎረቤታችን ወይዘሮ ጸዳለ ገቡ። ገና ከበሩ ላይ ሆነው፣ «ምች ነው!» አሉ። «ትናንት ተልባ ስትቆዪ ሸትቶኛል። እሳቸው ያንን አሽትተው ፀሐይ ላይ ወጡ።» ከደሴ የመጣ ደረቅ ዳማከሴ ነበራቸው። በውሃ አሽተው አጠጡት። በከንፈሩ ጥግ ፈሰሰ። ትን አለው። ፊቱ ጠቆረ።

እኔ ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ባዮሎጂ ነው። የአንድ ጎን መዛልና የንግግር መያዝ ምን ማለት እንደሆነ አውቅ ነበር። አውቅ ነበር። ግን ወይዘሮ ጸዳለ እናቴ ከሞተች ጀምሮ እንደ እናት ያዩኝ ሴት ናቸው፤ በትልቅ ሰው ቃል ላይ ቃል መጨመርም አልለመድኩም። ውሃ አሙቂ አሉኝ፣ አሞቅሁ። ነጠላ አምጪ አሉኝ፣ አመጣሁ። አንድ ሰዓት ተኩል እንዲህ ሄደ። ከሁሉ በፊት የምቆጣው በራሴ ነው።

ሐጂ ይማም ጋዜጣውን ሊያደርሱለት መጡና አዩት።

«ምች እጅ ይጥላል እንዴ ጸዳለ? ተይ እንጂ! ዳማከሴሽን ለራስ ምታትሽ አስቀምጪው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ የተማርሽው! ምን ይገትርሻል? መኪናዬ ደጅ ናት። ያዢው!»

ሆስፒታል ዶክተሩ የደም ግፊቱን ለካ። እንደገና ለካ። «ስትሮክ ነው። የግፊት መድኃኒት ይወስዱ ነበር?»

ይወስድ ነበር። በጾሙ ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ስለማይቀምስ የጠዋቷን ክኒን ትቷታል። ለእኔ አልነገረኝም። ክኒኖቹን ከመሳቢያው ውስጥ አገኘኋቸው። የንስሐ አባቱ ሲሰሙ ራሳቸውን ያዙ፤ «ማን ነው መድኃኒት ጹም ያለው? ቢጠይቀኝ ምን ነበረበት!» አሉ።

«ንግግራቸውን የያዘው አፌዥያ ይባላል» አለኝ ዶክተሩ። «የምትናገሪውን በአብዛኛው ይረዳሉ። ቃል ግን አይታዘዝላቸውም። ‹እሺ› የተረፈቻቸው ቃል ናት እንጂ መልሳቸው አይደለችም። መልሱን በግራ እጃቸው ጠይቂ።»

ለገና ዋዜማ ወደ ቤት መለሱን። በማግስቱ ቤቱ ሞላ። አባቴ ትራስ ተደግፎ መሃላቸው ተቀምጧል፤ እነሱ ግን አስከሬን እንደከበቡ ያወሩ ነበር። «ወይኔ ጋሼ ወርቁ፣ አለቁ እኮ!» «ያ አንደበት እንዲህ ይቅር?» ሁሉንም ይሰማ ነበር። በግራ ዓይኑ እንባ ሲወርድ፣ «አይ፣ ዓይናቸውንም ነክቷቸዋል» አሉ።

ታላቅ ወንድሙ፣ አጎቴ፣ በአውሮፕላን ከአዲስ አበባ መጥቶ ነበር። «ከነገ ወዲያ ይዤው እበራለሁ» አለ። «ጠበል ይገባል። ይህን ክኒን ከዛሬ ጀምሮ አቁሚ፤ ሁለቱ አብረው አይሄዱም። አይደለም ወንድሜ?»

«እሺ» አለ አባቴ።

«ይኸው! በገዛ አንደበቱ!» ወይዘሮ ጸዳለ እልል አሉ።

አባቴ እኔን ያይ ነበር። በር ላይ ትሪ ይዤ ቆሜአለሁ።

«እሺ አላለም» አልኩ። ማንም አልሰማኝም። «እሺ አላለም!»

«ሁላችን የሰማነውን?» አለ አጎቴ። «ለመሆኑ አንቺ ማነሽና ነው?»

«ስሙን ይጠይቁት» አልኩ።

አጎቴ ሊቀልድብኝ ፈልጎ ወደ እሱ ጎንበስ አለ። «እስቲ ስምህ ማን ነው?»

«እሺ» አለ አባቴ።

የሳቀ የለም። ትሪውን አስቀምጬ አጠገቡ ተንበረከክሁ፤ ግራ እጁን ያዝኩ። «አባዬ፣ መሄድ ከፈለግህ ጨብጠኝ።» እጁ እንደተዘረጋ ቀረ። «እዚሁ መድኃኒትህን እየወሰድህ መቆየትስ?» ጣቶቼ እስኪያሙኝ ጨበጠኝ።

አጎቴ ብቻውን በረረ። በኋላ ጠበሉን በጄሪካን ላከ፤ አባቴ በንስሐ አባቱ ፈቃድ ክኒኑን የሚውጠው በዚያ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ዝግ ያለ ነው፤ ጠዋት ጠዋት የጎማ ኳስ እየጨበጠ፣ ማንኪያ፣ መስኮት፣ መርከብ እያልኩ የማሳየውን ሁሉ ከንፈሬን እያየ ለመጥራት እየታገለ፣ አመሻሽ ላይ በትከሻዬ ተደግፎ በመጀመሪያ እስከ በሩ፣ ቀጥሎ እስከ ሐጂ ይማም ሱቅ፣ በመጨረሻም መርከብ እስከሚታይበት ድረስ እየሄደ ወራት አለፉ። በሦስተኛው ወር አንድ ቀን ጨው የሌለው ሽሮ አቀረብኩለት። ቀመሰው። ሳህኑን በግራ እጁ ገፋው።

«እምቢ!» አለ።

አለቀስኩ። ሽሮውን እኔው በላሁት።

ዶክተሩን፣ ሐጂ ይማምን፣ ክኒኑን በጠበል እንዲውጥ የፈቀዱትን የንስሐ አባት አመሰግናለሁ። በቤታችሁ ይህ ሕመም ላለባችሁ ግን ዛሬም እየተቆጣሁ ነው የምጽፈው። አፍ ሲጣመምና እጅ ሲዝል ምች ነው አትበሉ፤ ሐኪም ጋ ሩጡ። ትን የሚለውን ሰው ምንም አታጠጡ። ክኒን አይጾምም። በሽተኛው ፊት ስለ በሽተኛው አታውሩ። በእኔ ዕድሜ ላላችሁ ዓይን አፋሮች ደግሞ፦ የምታውቁትን ይዛችሁ ዝም ማለት ጨዋነት መስሎ ይታያል። አይደለም። የእኔ ጨዋነት የአባቴን አንድ ሰዓት ተኩል በልቷል።

በተከታዩ ገና አባቴ በግራ እጁ የጻፋትን ታሪክ አነበበ። ስድስት መስመር ናት። አራተኛው ላይ አንድ ቃል እምቢ አለው። ወይዘሮ ጸዳለ ሊነግሩት አፋቸውን ሲከፍቱ ሐጂ ይማም፣ «ተይው ጸዳለ፣ የራሱ ነው» አሏቸው። ወጡ ቀዘቀዘ። ቃሉ እስኪመጣ ድረስ እጅ ወደ ትሪው አልተዘረጋም።