«ነይ» ያሉኝ መስሎኝ

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ ዝናብ ጣለና ከልጅ ልጄ ጋር አንድ የፎቶ ኤግዚቢሽን ውስጥ ተጠለልን። የድሮ ተራራ ወጪዎች ፎቶ ነው። ከአንዱ ፊት ቆሜ ቀረሁ። በረዶ ላይ ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት በገመድ ተያይዘው ቆመዋል። ከሥሩ የወንዶቹ ስም ከነማዕረጋቸው ተጽፏል፤ ለሴቲቱ ግን «አንዲት እመቤት» ብቻ ይላል። ወጣት ቢሆኑም እኔ አወቅኳቸው። ፍራንክፈርት እንደመጣሁ ሽቫንሃይም ሰፈር ባለው ቤታቸው ክፍል ያከራዩኝ ፍራው ሄልጋ ናቸው።

ያኔ ተማሪ ነበርኩ፤ እሳቸው ሰባን ተሻግረዋል። በወጣትነታቸው ተራራ ይወጡ እንደነበር ሲነግሩኝ የእርጅና ጨዋታ ይመስለኝ ነበር። አንድ የመስከረም ቅዳሜ ግን ታውኑስ ጫካ ውስጥ ወዳለ ቋጥኝ ይዘውኝ ሄዱ። መንገዱ ሁሉ የወደቀ ፖም ይሸታል። ጥቁር ዳቦ በአይብ አበሉኝና ወገቤን በገመድ አሰሩኝ። እምቢ ማለት አልቻልኩም፤ ትልቅ ሰው ከጠራ ይኬዳል ተብዬ ነው ያደግኩት።

እሳቸው፣ ነፍስ ይማር፣ እንደ ጦጣ ቀድመው ወጡና ገመዱን ትከሻቸው ላይ አዙረው ከላይ ያዙልኝ። ተከተልኩ። ግማሽ ላይ ስደርስ ወደ ታች ማየት አልነበረብኝም፤ አየሁ። የማውቀውን ታቦት ሁሉ ጠራሁ። በግራዬ አንድ ድንጋይ ወጣ ብሏል። እግሬን ላሳርፍበት ስል ከላይ «ኔ! ኔ!» የሚል ድምፅ መጣ። ትምህርት ቤት ያስተማሩን የጀርመንኛ እምቢታ «ናይን» ነው፤ ሰዉ በአፉ «ኔ» እንደሚለው ገና አላወቅኩም። ፍርሃት ደግሞ ሰውን ወደ እናቱ ቋንቋ ይመልሳል፤ ፈረንጅ መሆናቸው ሁሉ ጠፋኝ። «ነይ፣ ነይ» ያሉኝ መስሎኝ ረገጥኩት።

ድንጋዩ ተነቅሎ ሄደ፤ እኔም አብሬ። ሞትኩ አልኩ። ገመዱ ወገቤን ጭምቅ አድርጎ ያዘኝና አየር ላይ ተንጠለጠልኩ። ድንጋዩ ከታች ሲፈረከስ የሰማሁት ቆይቶ ነው።

እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። ላይ ስደርስ የፍራው ሄልጋ መዳፍ በገመዱ ተልጦ ይደማ ነበር። እየከለከሉኝ ለምን እንደረገጥኩ ጠየቁኝ። «ነይ» በእኛ ቋንቋ ቅረቢ ማለት ነው ብዬ እያለቀስኩ ነገርኳቸው። ይስቃሉ ብዬ ነበር፤ አልሳቁም። ገመዱን አሁንም ጨብጠው አልለቅ አሉ።

«እርስዎም ፈርተዋል?» አልኳቸው።

«ሁልጊዜ እፈራለሁ» አሉኝ። «ከወንዶቹ ጋር ስወጣ ግን ፊቴን እንኳ ማጥቆር አልችልም ነበር። እነሱ ሲፈሩ ነፋሱን ያማርራሉ። እኔ ከፈራሁ ሴት ናት ብለው ወደ ታች ይመልሱኛል። እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።»

የልጅ ልጄ ፎቶውን ስታይ ቆየችና፣ ይቺ ሴትዮ ምንም አትፈራም ነበር ማለት ነው፣ አለችኝ በጀርመንኛ። እውነትም ፊታቸው የረጋ ውሃ ይመስላል። ስማቸውስ ይቅር፤ ያን ሁሉ ፍርሃት ብቻቸውን ውጠው መኖራቸው ነው አንጀቴን የበላው።

«ይፈሩ ነበር» አልኳት። «በጣም ይፈሩ ነበር።»