ከጉርሻ ጋር የሚዋጥ

ሙህዲን ኑሩ ከመታመሙ በፊት፣ ከቆቦ ዋጃ በሚመላለሱ ሾፌሮች ዘንድ በአበላሉ የታወቀ ሰው ነበር። ጎብዬ ገበያ ውሎ ሲመለስ ሮቢት ላይ ወርዶ አንድ ትሪ ጥብስ ብቻውን ይጠርግና፣ ቤቱ ገብቶ ደግሞ ምንም እንዳልቀመሰ ሰው ሚስቱ ያቀረበችለትን ይበላል። «ያንተስ ሆድ አይደለም፣ ጎተራ ነው!» ትለዋለች መይሙና፤ እሱ ይስቃል።

በሽታው አመጣጡ እንደ ዋዛ ነው። በበላ ቁጥር ከእምብርቱ በላይ ቀስፎ ይይዘውና እስከ ጀርባው ይዘልቃል። ከዚያ ተቅማጥ ይከተላል። ሚኒባሱን መንገድ ዳር አቁሞ ወደ ማሽላው ውስጥ መሮጥ ልማዱ ሆነ። ተሳፋሪው መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ አጉረመረመ፣ በመጨረሻ መኪናውን መሸሽ ጀመረ። ማሽላው ሲታጨድና ሜዳው ሲራቆት ደግሞ መሸሸጊያም ጠፋ።

ክሊኒክ ለክሊኒክ ዞረ። አንዱ አሜባ ነው አለው፣ ሌላው ጃርዲያ፣ ሌላው ታይፎይድ፣ ሌላው ጨጓራ። የታዘዘለትን ሁሉ ዋጠ። ጥቁር አዝሙድ በማር ለውሶ ላሰ። ከመካ የመጣ ዘምዘም ጠጣ። ሥጋው ግን እንደ ሻማ ቀለጠ፤ ሱሪው ከወገቡ አልቆም አለ። ሰውም ማማት ጀመረ፤ «ያ በሽታ ነው» ተባለ። ሐሜቱ መይሙና ጆሮ ደረሰና ለማንም ሳትናገር ሄዳ ተመረመረች። ነፃ ነሽ ሲሏት ደስታ አልተሰማትም። ባሏን በመጠርጠሯ አፍራ፣ ሻሿን ግንባሯ ላይ ስባ ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ከመሪው ያስነሳው ግን ሆዱ ሳይሆን ዓይኑ ነው። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ከሮቢት ወደ ቆቦ ሲመለስ አስፋልቱ ድንገት ጨለመበት። ለሌላው ሰው ገና ብርሃን ነበር። ከአፋር በኩል የመጡ ግመሎች መንገድ እያቋረጡ ነው። ጋቢና የተቀመጠችው ሴትዮ «ግመል! ኧረ ግመል!» ብላ ስትጮህ ፍሬኑን ረገጠ፤ መኪናው የመጨረሻይቱን ግመል ጭራ ሊነካ ምንም ሳይቀረው ቆመ። የተጎዳ ሰው የለም። ሙህዲን ግን ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቶ ቀረ። ዳፍንት እንደያዘው ያን ጊዜ ገባው። በማግስቱ ቁልፉን ለታናሽ ወንድሙ ለሰላሁዲን ሰጠ።

ደሴ የወሰደውም ሰላሁዲን ነው። ዶክተር ኤልሳቤጥ የሚባሉ ጠና ያሉ ሐኪም ሆዱን ዳሰሱት፣ ፎቶ አስነሡት፣ ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው፦

«መጠጥ ትጠጣለህ?» አሉት።

«አስተግፊሩላህ! አፌ ደርሶ አያውቅም።»

«አትቀየመኝ። በዚህ በሽታ ለሚመጣ ሁሉ የምጠይቀው ነው። የታመመው ቆሽትህ ነው። ምግብ የሚፈጨውን ፈሳሽ ማመንጨት ትቷል። የምትበላው ነገር፣ ቅባቱማ በተለይ፣ ሥጋህ ሳይደርስ ያልፋል። ዓይንህንም የያዘው ይኸው ነው። እየበላህ ነው የተራብከው።»

ሙህዲን ቆሽት ሲባል የሚያውቀው ሰው ተናዶ «ቆሽቴ አረረ» ሲል ነው። «እኔ እኮ ቁጡ ሰው አይደለሁም» አለ፣ ራሱን ለመከላከል ያህል።

ሐኪሟ ፈገግ አሉና ወዲያው ፊታቸው ተመለሰ። በሽታው እንደማይድን ነገሩት። የጎደለውን ፈሳሽ የሚተካ ካፕሱል ግን አለ፤ ከምግብ ጋር ይዋጣል፤ ባቆመ ቀን ሕመሙ ይመለሳል። እዚህ አይገኝም። «ውጭ ሰው አለህ?»

እህቱ ቶይባ ጅዳ ሰው ቤት ትሠራ ነበር። ከጅዳ በሚመለስ ሰው እጅ ሁለት ብልቃጥ ላከችለት። ሙህዲን የመጀመሪያውን ካፕሱል ከጉርሻ ጋር የዋጠ ዕለት ቤተሰቡ ሁሉ ፊቱን እያየ ምሳው ቀዘቀዘ። ምንም አልሆነም። ሆዱ ዝም አለ። ሳምንታት ሲያልፉ ጉንጩ ሞላ። ከደሴ የታዘዘለት ቫይታሚንም የአመሻሹን ብርሃን መለሰለት። ወንድሙን አስወርዶ እንደገና መሪ ጨበጠ።

ሁለተኛውን ብልቃጥ ሲያጋምስ፣ ቆቦም ይገኝ እንደሆነ ብሎ ከነካርቶኑ ይዞ ወደ ትምህርት ቤት ጓደኛው ወደ ዳዊት መድኃኒት ቤት ሄደ። ዳዊት በካርቶኑ ውስጥ የታጠፈውን ወረቀት ዘርግቶ ማንበብ ጀመረ። ከዚያ ማንበቡን ትቶ ወረቀቱን ማጣጠፍ ያዘ።

«ምነው?»

«ሙህዲን፣ ከምን እንደሚሠራ የነገረህ ሰው አለ?»

«መድኃኒት ከምን ይሠራል? ከመድኃኒት!»

ዳዊት አልሳቀም። «ከአሳማ ቆሽት ነው። ልደብቅህ አስቤ ነበር። ጓደኝነታችን አልፈቀደልኝም።»

ሙህዲን ብልቃጡን ኪሱ ከተተ። ወጥቶ ጀርባ ካለው ቧንቧ አፉን ተጉመጠመጠ፤ ደግሞ ተጉመጠመጠ። ውኃው እስኪቋረጥ እዚያው ነበር።

የመስጊዱ ሸህ ኸይረዲን ነገሩን በጥሞና ሰሙት። «ሌላ መድኃኒት አለ?»

«የለም አሉኝ ሸሁ።»

«እንግዲያው ቸግሮህ ነው፤ ዶሩራ ነው። ነፍስን ማዳን ግዴታ ነው። ቢስሚላህ በልና ዋጥ ልጄ፤ አላህ አዛኝ ነው።»

እሺ ብሎ ወጣ። ቤቱ ገብቶ ቢስሚላህ ብሎ ዋጠ። ወዲያው ወደ ላይ አለው። በማግስቱም እንዲሁ። ሸሁ የፈቀዱትን ጉሮሮው አልፈቅድም አለ። «በቃ» አላት መይሙናን፤ «በዱአ እሞክራለሁ። የፈጠረኝ ያውቃል።»

ሕመሙ ሳይውል ሳያድር ተመለሰ። መይሙና ባሏ ዓይኗ እያየ ሲያልቅ የምታደርገው ጠፋት። መጨረሻ ላይ ዳዊት ዘንድ ሄዳ ካፕሱሉ ተከፍቶ ከሌላ ነገር ጋር መስጠት ይቻል እንደሆነ ጠየቀችው። ዳዊት ለማን እንደሆነ አልጠየቀም፤ ያውቃል። «ትኩስ ነገር ላይ እንዳይሆን። በጥርስም እንዳያደቅቀው» አለና ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዞረ።

ቆቦ ዙሪያ በመስኖ የሚለማ ፓፓያ ሞልቷል። መይሙና ፓፓያ በማንኪያ እየደቆሰች፣ የካፕሱሉን ደቃቅ ፍሬ ከዘሩ ጋር የቀረ አስመስላ እየሸሸገች፣ በየማዕዱ ለሙህዲን ማቅረብ ጀመረች። «ለሆድ ጥሩ ነው ይላሉ፤ ሳታኝክ ዋጠው» አለችው። እሱም ዋጠው።

ዳነ። እንዲያ ነው የመሰለው። ሶላት አብዝቶ ነበርና መስጊድ ደጃፍ ላይ ላገኘው ሁሉ «አላህ ዱአዬን ሰማኝ። ሰበቡ ደግሞ ይቺ ፓፓያ ናት» እያለ ይናገር ጀመር። ሆዱን የሚያመው ሰው ሁሉ እየመጣ ይጠይቀዋል። በሕይወቱ እንዲያ ያለ ብርሃን ፊቱ ላይ ታይቶ አያውቅም። መይሙና ይህን በሰማች ቁጥር ወደ ጓዳ ትገባለች። እነግረዋለሁ ትላለች፤ ደግሞ የሞላውን ጉንጩን ታይና ትተወዋለች።

ብልቃጡ አለቀ። ቶይባ ዘንድ ብትደውል ስልኩ አይነሳም። ቆይቶ ወሬው መጣ፤ መኖሪያ ፈቃዷ አልፎባት ተይዛለች። ከወራት በኋላ ቆቦ ስትገባ የያዘችው በፌስታል የተጠቀለለ ቀሚስ ብቻ ነበር።

ሙህዲን ፓፓያውን መብላት አላቆመም፤ ጨመረ እንጂ። ተቅማጡ ግን መጣ፣ ቁርጠቱ መጣ፣ ዓይኑም መልሶ ይደክም ጀመር። ከዚህ ሁሉ ያደቀቀው ግን ሌላ ነው። ስግደቱ ላይ ደፋ ብሎ ይቀራል። «ምን አጥፍቼ ነው የመለሰብኝ? ሰጥቶ የነሳኝ ምን ቢያይብኝ ነው?» ይላል። መስጊድ ያሉ ሰዎች ሲጠይቁት ያፍራል። ቆይቶም ከሰው ርቆ መስገድ ጀመረ።

መይሙና ይህን መቻል አቃታት። አንድ ቀን የአስርን ሶላት ሰግዶ ሲጨርስ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ሁሉንም ነገረችው።

እስከ መጨረሻው ሰማት። ይጮህብኛል ብላ ነበር፤ አልጮኸም።

«ሆዴን ብታሞኚው ይቅር» አላት። «ዱአዬን ነው የሰረቅሽኝ።»

«እንዳትሞትብኝ ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ። እሱ ነው ክፉነቱ።»

ከዚያ ወዲያ ብዙ ቀን ከእጇ አልበላም። እህቱ ካቀረበችለት ይቀምሳል፤ ካላቀረበችለት ይተወዋል። አንድ ማለዳ ግን፣ ከደጅ ግድግዳውን ተደግፎ ከተቀመጠበት፣ ወደ እሷ ሳይዞር «ያ ነገር ቢገኝ እውጣለሁ። ዳዊትን ጠይቂልኝ» አለ። መይሙና ሻሿን ሳታስተካክል ሮጠች። ዳዊት አዲስ አበባ ደወለ፤ የለም። ደሴ ደወለ፤ የለም። ሐኪሟን ሊያሳዩት ቢነሱ መንገዱ ተዘግቷል ተባለ፤ ሲከፈት ደግሞ ሙህዲን መኪና ላይ መቀመጥ የማይችል ሆኖ ነበር። ከብዙ ፍለጋ በኋላ ሰላሁዲን ከአንድ ነጋዴ ያገኘው ብልቃጥ በቆላው ሙቀት ቆርቆሮ ሥር ከርሞ ኃይሉን ጨርሶ ኖሮ፣ ሙህዲን ቢስሚላህ ብሎ፣ ሳያስመልሰው፣ እስከ መጨረሻው ዋጠው። አንዳች ለውጥ አላመጣም።

አሁን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ዓለም ይጨልምበታል። ወደ ጓሮ መውጣት ሲፈልግ ይጣራል፤ መይሙና መጥታ ክንዱን ትይዛለች። ክንዱ እንደ ማሽላ አገዳ ቀጥኗል። ደፍ ላይ ሲደርሱ «እግርህን አንሳ» ትለዋለች፤ ያነሳል። ይቅር ብሏት እንደሆነ አልጠየቀችውም፤ እሱም አልነገራትም። በር ላይ ጠብቃ፣ ሲወጣ እጁን ታስታጥበዋለች፤ መልሳም ወደ ቤት ታስገባዋለች።