ስለ ወልዴ የሞላሁት ቅጽ

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልነገርኩም። ለእርስዎ ለአንባቢዬ ግን በእርጅናዬ ልጻፈው።

ፊደል የቆጠርኩት ስኳር በተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ነው፤ አስተማሪ አልነበረኝም። ቢሆንም በጃንሆይ ዘመን በሸማ ተራ እንደ እኔ ማመልከቻ የሚጽፍ አልነበረም፤ ይህን ስናገር አላፍርም። የማፍረው በሌላ ነው።

መንግሥት በመርካቶ ስርቆት ለምን እንደበዛ ለማወቅ ጥናት አስጀመረ። እኔም ኩሊዎቹን አንድ በአንድ እንድጠይቅ ተቀጠርኩ። የጥናቱ ኃላፊ ቅጹን ሲሰጠኝ፣ "እስከ ዛሬ የሚፈረድባቸው በግምት ነው። አንተ ከራሳቸው አፍ ስማ" አለኝ።

ሰማሁ? አልሰማሁም። መርካቶን ከእኔ በላይ ማን ያውቃታል ብዬ፣ እትዬ ዘነበች ነጠላ ከሚሸጡበት ሱቅ ደጃፍ ተቀምጬ ሁሉንም ከራሴ ሞላሁት። "ዋስ አለው?" የሚል ጥያቄ ነበረበት። የመርካቶ ኩሊ የተፈረመ ወረቀት የለውም፤ አንድ ባለሱቅ "የእኔ ሰው ነው" ካለለት ይበቃዋል። ይህን እያወቅሁ ለሁሉም "የለውም" ብዬ ጻፍኩ።

ኩሊው ወልዴ ጣቃ ተሸክሞ ሲያልፍ ወረቀቱን አየና ቆመ። "እኔንም ጠይቀኝ እንጂ!"

"አንተን ደግሞ ምን እጠይቅሃለሁ? ይልቅ ሸክምህን አድርስ።"

እትዬ ዘነበች ከውስጥ ሳቁ። "የወልዴ ዋስ እኔ ነኝ! ካንተ ይልቅ እሱን አምናለሁ።"

ሦስታችንም ተሳሳቅን። እኔ ግን የጻፍኩትን አላረምኩም። በጽሑፌ ላይ ስርዝ ድልዝ አልወድም ነበራ!

ወራት ቆይቶ ፖሊስ ዋስ የሌላቸውን ኩሊዎች ማፈስ ጀመረ። ወልዴም ታፈሰ። እትዬ ዘነበች ጣቢያ ሄደው "ዋሱ እኔ ነኝ" ቢሉ፣ "በጥናቱ ዋስ የለውም ተብሏል" ተባሉ። እያለቀሱ ማመልከቻ ሊያጽፉ ወደ ማን መጡ? ወደ እኔ። ጻፍኩላቸው፤ ያማረ ማመልከቻ። ቅጹን የሞላሁት እኔ መሆኔን ግን አልጻፍኩም። አንድ መስመር ይበቃ ነበር። ከዚያ ወዲህ ፖሊስ ባየሁ ቁጥር የእጅ ጽሑፌን ያወቀብኝ ይመስለኝ ነበር።

ወልዴ ሲፈታ ከስቶ፣ እያሳለ ነበር። ራጉኤል ደጃፍ አገኘኝና፣ "ማመልከቻውን ስለጻፍክልኝ እግዜር ይስጥህ" ብሎ እጄን ሳመ። እኔ? "አሜን" አልኩ። አገሩ ገባ፤ ዳግም አላየሁትም።

ዛሬም ሬዲዮ "በተደረገው ጥናት" ሲል ልቤ ድንግጥ ይላል። ያ ቅጽ የት ይሆን? አሁንም አንድ ሰው አንብቦ እያመነው ይሆን? ጥናቱ ከንቱ ነበር እንዳይሉኝ። መንግሥት ወልዴን በዕድሜው አንድ ጊዜ ሊጠይቀው ፈልጎ ነበር፤ ደመወዝ የከፈለኝም ለዚሁ ነው። ልጅ ነበርኩ አልልም። አላወቅሁም አልልም። ጠይቀኝ አለኝ፤ አልጠየቅሁትም።