የሜዳው ረጋጮች ድንጋይ

ጂንካ መሃል፣ በድሮው የሣር አውሮፕላን ማረፊያ ዳር፣ አንድ የመታሰቢያ ድንጋይ ቆሟል። ዛሬ ፍየል ጀርባዋን ታክበታለች፤ የሰፈሩ ሴቶችም አንሶላ ያሰጡበታል። ካስቆሙት ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ። ሰው ሲያነሳብኝ ያመኛል፤ ሳያነሳብኝም ያመኛል።

ነገሩ የሆነው ኢሕአዴግ ከገባ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ በወር ደመወዝ የምኖር የቢሮ ሰው ነበርኩ። ቱሪስት ጂንካ የሚያድረው ለአልጋና ለነዳጅ ነው፤ ሲነጋ ወደ ቱርሚ ይፈተለካል። ይህ ያበሽቀን ነበር። የእኛም ከተማ ታሪክ አላት፣ ያቀኗት ሰዎች አሏት ብለን፣ የአውሮፕላን ሜዳውን ለሠሩት ሰዎች መታሰቢያ የሚያቆም ኮሚቴ አቋቋምን። የአገሩ ተወላጅ፣ አሪ ስለሆንኩና እጅ ጽሑፌ ስለሚያምር ጸሐፊነቱን ለእኔ ሰጡኝ። ኮራሁ፤ አልዋሽም። ለቱሪስት ባዘጋጀነው ብሮሸር ላይ «አባቶቻችን ሜዳውን በዘፈንና በጭፈራ ደለደሉት» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ያንን ለአባቴ በአሪኛ መልሼ ነገርኩት። በገዘር በኩል ባለው ማሳው ጎደሬ ይቆፍር ነበር፤ ቀና ብሎ አየኝ እንጂ አልሳቀም።

«ዘፈኑ ለእግር ነበር» አለኝ።

በጃንሆይ ጊዜ፣ ጫካው ተመንጥሮ አፈሩ ሲረጥብ፣ ሹሞቹ ሰዉን በጸሐፊ ስም እያስጠሩ ትከሻ ለትከሻ አሰልፈው ያስረግጡት ነበር። እግር እኩል ካልወረደ መሬቱ ጎድጓዳ ይሆናል፤ አለንጋው ዜማውን ለሳተ ነው። የአባቴ ታላቅ ወንድም ድምፀ መልካም ስለነበር ዘፈኑን የሚያወጣው እሱ ነበር። አንድ ቀን የመጨረሻዎቹን ዛፎች ሲጥሉ አንደኛው ዞሮ ወደ ሰልፉ ወደቀና አጎቴን ገደለው። በማግስቱ በእሱ ቦታ አባቴን አሰለፉት። ጢም እንኳ አላወጣም ነበር።

«ድንጋይ የምታቆሙ ከሆነ የእሱን ስም ጻፍልኝ» አለኝ አባቴ። «እናታችን ያወጣችለትን ስም። ሌላ ከአንተ የምፈልገው የለም።»

እሺ አልኩት። እጄን ይዞ ጸለየበትም፤ አጥባቂ ጴንጤ ነበር።

ትንሽ ቆይቶ ከአንድ የከተማው ነዋሪ ቤት፣ ከሳጥን ውስጥ፣ የዚያን ጊዜው ጸሐፊ የስም መጥሪያ ደብተር ተገኘ። ኮሚቴው በደስታ ሰከረ። ደብተሩን ሳገላብጥ ግን አንድም የአሪ ስም አጣሁበት። የእኛ ስም ለጸሐፊው ምላስ ስላልተመቸው፣ ለሰልፈኛው ሁሉ ከአገሩ ያመጣውን ስም አድሎታል። አጎቴንም አገኘሁት፤ ምናልባት የጸሐፊው ዘመድ ስም የሆነ፣ አንድ የማላውቀው ስም፣ ከጎኑ «ሞተ» የሚል። በዚያ ሥራ የሞተው እሱ ብቻ ስለነበር አልተሳሳትኩም።

ስብሰባ ላይ እጄን አወጣሁ። ከየቤተሰቡ ጠይቀን ትክክለኛውን ስም እንጻፍ አልኩ።

ሰብሳቢያችን ክፉ ሰው አልነበረም። «ወንድሜ» አለኝ፣ «ዶክመንት እያለ በአፍ ወሬ እንሂድ? ነገ አንዱ ተነስቶ የእኔም አባት ነበረበት ቢልስ? ደግሞ ፕሮግራሙ ደርሷል፤ እንግዶች ተጠርተዋል።»

ሁሉም ዞረው አዩኝ። «ልክ ነው» አልኩ። ቃለ ጉባኤውን ጻፍኩ፣ ፈረምኩ፤ ዝርዝሩንም በዚያ በሚያምር ጽሑፌ ገልብጬ ለድንጋይ ቀራጩ የሰጠሁት እኔው ነኝ። ስገለብጥ አንዲት መስመር ብለውጥ ማን ያውቅብኝ ነበር? ማንም። ግን ፈራሁ። ምኑን እንደፈራሁ እስከ ዛሬ አላውቅም። አባቴ ማንበብ አይችልም እያልኩ ራሴን አጽናናሁ።

በምርቃቱ ቀን የእሁድ ኮቱን ለብሶ፣ ባርኔጣውን ደፍቶ፣ ከጎረቤቱ ሽማግሌ ጋር በሚኒባስ መጣ። መነጽር አድርጓል። ከዚያ በፊት አይቼበት አላውቅም።

«አባባ፣ መነጽሩ ለማን ነው? ሙሽራ ልታይ ነው?» ብዬ ቀለድኩበት።

«ለድንጋዩ» አለኝ። ሳቅኩ።

ከብቶቹ ከሜዳው ተባረሩ፣ ንግግር ተደረገ፣ ጨርቁ ተገፈፈ፣ ተጨበጨበ። ሕዝቡ ገለል ሲል አባቴ ክንዴን ይዞ ወደ ድንጋዩ ወሰደኝ።

«የቱ ጋ ነው?»

ጣቴን መስመሩ ላይ አደረግሁ።

«አንብብልኝ።»

ዓይኔ ጸሐፊው የሰጠውን ስም እያየ፣ አፌ የአጎቴን እውነተኛ ስም ጠራ። ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። አባቴ ባርኔጣውን አወለቀ። ጣቱን ከመጀመሪያው ፊደል ሥር አኑሮ ቀስ እያለ እስከ መጨረሻው ሄደ፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር። የሚጸልይ መሰለኝ። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። ሲጨርስ ባርኔጣውን መልሶ ደፋና «እሺ» አለ።

መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋቸው። ሚኒባሱ ውስጥ ተቀምጠው መሙላቱን ሲጠብቁ ጎረቤቱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ አጫወተኝ።

«አባትህ እኮ ጉድ ነው! ቤተ ክርስቲያናችን ለሽማግሌዎች ፊደል ማስተማር ከጀመረች ወዲህ እንደሱ የተጋ የለም። እኛ ወንጌል ማንበብ ስንፈልግ እሱ መምህሩን መጀመሪያ የወንድሜን ስም አስተምረኝ አለው። ክረምቱን ሙሉ እሱን ሲጽፍ ከረመ።»

የሚኒባሱን በር ያዝኩ። «አባባ» አልኩ።

አባቴ ከእኔ ጋር በአማርኛ ተናግሮ አያውቅም ነበር። አማርኛ ለእሱ የገበያና የቢሮ ቋንቋ ነው፤ ከልጆቹ ጋር አሪኛ ብቻ ነበር። በዚያን ቀን ግን ከመቀመጫው ብድግ ብሎ፣ ባርኔጣውን አንስቶ፣ ድሮ በሰልፉ ፊት ለጸሐፊው እንደሚደረገው አንገቱን ሰበር አደረገ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ጌታዬ» አለኝ በአማርኛ።

ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ኖረ። በየበዓሉ እሄድ ነበር፤ ያስተናግደኛል፣ ወንበር ያቀርብልኛል። እስከሞተበት ቀን ድረስ ግን አንዲት ቃል በአሪኛ አልተናገረኝም።