ያላረዳሁት መርዶ

ሐሙስ ከቀትር በኋላ፣ ከሺፍት እንደወጣሁ፣ ዩኒፎርሜን እንኳ ሳልቀይር ነው ከላስ ቬጋስ የተነሳሁት። ጥቁር ሱሪ፣ ጥቁር ሸሚዝ፣ ጥቁር ጫማ። ልብሱን ልብ በሉልኝ፤ ጉድ ከሠሩኝ ነገሮች አንዱ እሱ ነው።

የሆቴል ክፍል ነው የማጸዳው። አለቃዬ ፊሊፒናዊት ናት፤ አራት ቀን ኦፍ ስጠይቃት ሳቀችብኝ።

«አስቴር፣ ሎንግ ዊኬንድ ለእንግዶቹ ነው። ለእኛ ትርፍ አልጋ ማንጠፍ ነው።»

«ጓደኛዬን ካየሁ ስድስት ዓመቴ ነው» ብዬ ለመንኳት። ለገና እንደምሠራላት አስምላ ለቀቀችኝ።

ጓደኛዬ ሂሩት ትባላለች። ቤሩት የሰው ቤት ስንሠራ በረንዳዎቻችን ጎን ለጎን ነበሩ፤ ልብስ እያሰጣን ነው የተዋወቅነው። እኔ ዲቪ ደረሰኝና ቬጋስ ገባሁ። እሷን እመቤቷ ለዕረፍት ስፔን ብትወስዳት እዚያው ጠፍታ ቀረች። አሁን ፓሌንሲያ በምትባል ከተማ አንዲት አሮጊት እየተንከባከበች አብራቸው ትኖራለች። እንደምመጣ አልነገርኳትም። ድንገት በሯን አንኳኩቼ ላስደንግጣት ብዬ ነበር፤ ማስደንገጡ እንኳን ተሳክቶልኛል።

ማድሪድ ፓስፖርት የሚያየው ሰውዬ «ወዴት ነው?» አለኝ።

«ፓሌንሲያ።»

«ቫሌንሲያ» ብሎ አረመኝ።

«አይደለም፣ በፓ ነው።»

«ቫሌንሲያ ባሕር አለ። ፓሌንሲያ ምን አለ?»

«ጓደኛዬ አለች።»

ለባልደረባው በስፓኒሽ የሆነ ነገር ነገረውና ተሳሳቁብኝ። «ከላስ ቬጋስ ተነስቶ ፓሌንሲያ ለሽርሽር ሲሄድ ያየሁት ሰው አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ» አለና ማህተሙን መታልኝ።

ከዚያ አውቶቡስ ያዝኩ። የቬጋስን ሙቀት የለመደ ሰውነቴ ብርዱን አልቻለውም። ለሂሩት ስጦታ የያዝኩትን ነጠላ አውጥቼ ተከናነብኩትና እንቅልፍ ወሰደኝ። ጥለቱ ወዴት እንደዞረ ማን ያያል?

ቅዳሜ ገና ጎህ ሳይቀድ ሦስተኛ ፎቅ ወጥቼ አንኳኳሁ። ሂሩት ከፍታ አየችኝ። ጥቁር ልብስ፣ የተዘቀዘቀ ነጠላ፣ እንቅልፍ ያጣ የቀላ ዓይን። ሰዓቱም ያው መርዶ የሚነገርበት ሰዓት ነው።

«ሰርፕራይዝ!» አልኩ።

«ወይኔ አባቴ!» ብላ ወለሉ ላይ ተዘረጋች።

አሮጊቷ፣ ዶኛ ፒላር፣ በሌሊት ልብሳቸው እየተንገዳገዱ መጡ። ማን ሞተ ብለው አልጠየቁም። ሂሩትን አቅፈው አብረው ያለቅሱ ጀመር። «ፈረንጅ ለቅሶ አያውቅም» እያልኩ ስንት ዓመት ሳወራ ኖሬ አፈርኩ።

«ሂሩትዬ፣ ማንም አልሞተም! አንቺን ለማየት ነው የመጣሁት!»

«አባዬ ደህና ነው?»

«በጣም ደህና ነው!»

«በጣም?» አለች ቀና ብላ። «በጣም ካልሽማ አልቋል።»

«ማርያምን!»

«ማርያምን አትጥሪብኝ። የእናትሽን ሞት ስደብቅሽ እኔስ ማርያምን እያልኩ አልነበር?»

እውነቷን ነው። የእናቴ መርዶ ቤሩት የተደወለው ለእሷ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ በረንዳው ላይ ልብስ እያሰጣች ስትስቅልኝ ቆይታ፣ በሦስተኛው ቀን ማለዳ ነው የነገረችኝ። እኛ እንግዲህ እንዲህ ነን። ለሞተውም ላልሞተውም እኩል ስለምንምል፣ ሰው በሕይወት አለ ስንል የሚያምነን የለም።

አባቷ ጋሽ ታደሰ ድሬዳዋ የሚኖሩ ጡረታ የወጡ መካኒክ ናቸው። ሳትነግራቸው ቤሩት ብትሄድ «ሁለተኛ ድምፅሽን እንዳልሰማ» አሏት። እሷም እልኸኛ ናትና ዘጠኝ ዓመት አልደወለችም። ወሬያቸውን የምትሰማው ከእህቷ ነው፤ የእህቷ ስልክ ደግሞ ያን ሰሞን ተዘግቷል። የቀረው የአባቷ የራሳቸው ቁጥር ነው። በቃሏ ታውቀዋለች።

«ደውይና ይለይልሽ» አልኳት።

«ከሞተ ሌላ ሰው ያነሳዋል። ካልሞተ እሱ ያነሳዋል» አለች። «የቱ እንደሚብስብኝ አላውቅም።»

ዕረፍቴ በዚህ ዓይነት ለቅሶ ቤት ሆኖ አረፈ። ዶኛ ፒላር ሶፓ ዴ አሆ የሚሉትን ሾርባ ሠሩልን፤ ደረቅ ዳቦ፣ ነጭ ሽንኩርትና ቀይ በርበሬ ነው፣ ሚጥሚጣ ቢነካው ፍትፍት ይወጣዋል። ጎረቤቶች እንቁላል በድንች ጠብሰው ይዘው መጡ። ሁለት ጉንጬን እየሳሙ ያጽናኑኛል፤ እኔም ማን እንደሞተብኝ ሳላውቅ «ግራሲያስ» ብዬ አመሰግናለሁ።

እሑድ እንደምንም አስወጣኋት። ኮረብታው ላይ አንድ ትልቅ የክርስቶስ ሐውልት አለ፤ እሱ ድረስ ወጣን። እኛ ቬጋስ የፓሪሱም ግንብ፣ የግብፁም ፒራሚድ ተመስሎ በአንድ መንገድ ላይ ተገትሯል፤ እዚህ ያለው ሁሉ የምር ነው፣ እሑድ ሱቁ እንኳ የምር ዝግ ነው። ይህን ስነግራት ሳቀች። ከዚያ ድንገት ሳቋን አቋረጠችና፣

«በቃ ንገሪኝ» አለች ቀስ ብላ። «ቀብሩ ላይ ብዙ ሰው ነበር?»

ዘጠኝ ዓመት ስትፈራው የኖረችውን ነገር እኔ በጨዋታ በሯ ላይ እንዳመጣሁባት ያን ጊዜ ገባኝ።

ሰኞ ጠዋት ሻንጣዬን ዘጋሁ።

«ሂሩት፣ አውቶቡሴ ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው። መርዶ ይዞ የመጣ ሰው ሳያረዳ ይመለሳል?»

አሰበችበት። መሐላው ሁሉ ያላሳመናት ሴት በዚህ ተረታች። ስልኳን አንስታ ቁጥሩን ነካካች፣ ስፒከር አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፣ እጄን ጭምቅ አድርጋ ያዘች። ጠራ። ደግሞ ጠራ።

«ሃሎ?» አለ አንድ የሽማግሌ ድምፅ።

እሳቸው ናቸው። ሂሩት አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ለቅሶ ብቻ ነው።

«ሃሎ? ማነው? የውጭ ቁጥር ነው...» አሉ ጋሽ ታደሰ። ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ስለ ሂሩት ነው? ንገሩኝ ግድ የለም፣ ተቀምጫለሁ። ልጄ ምን ሆነችብኝ?»

«አባዬ፣ እኔ ነኝ» አለች። «እኔው ነኝ። ማንም አልሞተም።»

ዶኛ ፒላር በር ላይ ቆመው አማተቡ።

«ማንም ካልሞተ ታዲያ» አሉ ጋሽ ታደሰ፣ «ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የት ነበርሽ?»