የተነከሰ ሰው ቀለብ

ወይዘሮ ኑርጃን መካነ ሰላም ውስጥ ቆዳ ነጋዴ ነበሩ። ባላቸው አብዱልጀሊል ሲሞቱ ንግዱም መጋዘኑም በእርሳቸው እጅ ቀረ። ቆዳ ያለበትን ቤት ጅብም ሌባም ስለሚያውቀው ውሻ አሳደጉ። ስሙን ማን አለኝ አሉት።

ጎረቤት አጉረመረመ። የእስላም ቤት ምን ውሻ ያስፈልገዋል አሉ። ቁርኣን የሚያስቀሩት የባላቸው ወንድም ሼህ ጠሃ ግን ነገሩን አስረዷቸው። ለጥበቃ ከሆነ ይፈቀዳል፤ ቤት አይገባም፤ ዕቃ ከላሰ ሰባት ጊዜ ይታጠባል፣ አንዱን በአፈር። ኑርጃንም የውሻውን ማደሪያ አጥር ጥግ አደረጉ፣ ጣሳውንም ለዩ። የሚበላው ከቆዳ ላይ የሚፋቀውን ሥጋና ጮማ ስለነበር ብዙ አላስወጣቸውም።

የሰባ ሰባቱ ድርቅ ሲመጣ ከብት ረገፈ። ቆዳው በሸክም በሸክም ይመጣ ጀመር፤ ዋጋው ወደቀ። መጀመሪያ ሰሞን ሰው እየተራበ ውሻው ጠግቦ አደረ። ኋላ ግን የሚመጣው ቆዳ ሁሉ የሚፋቅ ነገር የሌለው ሆነ። ኑርጃን ከራሳቸው የገብስ ዱቄት እያማሰሉ ይሰጡት ገቡ፤ ያንንም በደጅ የሚያልፈው ሰው እንዳያይ የአጥሩን በር ዘግተው ነበር።

አራጌ የሚባል የወግዲ ገበሬ እህል ይታደላል ሲባል ሰምቶ ሚስቱንና ሴት ልጁን ይዞ መጥቶ ነበር። አንድ ቀን ከነፋሱ ሊጠለል የኑርጃንን አጥር ተደግፎ ሲቀመጥ፣ ማን አለኝ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልኮ ወጥቶ ባቱን ነከሰው።

የሰፈሩ ሽማግሌዎች በቆየው ደንብ ፈረዱ፤ የውሻው ባለቤት የተነከሰውን ሰው ቁስሉ እስኪጠግ ቀለቡን ትቻል አሉ። ኑርጃን አልተከራከሩም። በማግስቱ አራጌ እያነከሰ ሲመጣ በሶና ቆሎ ሰጡት። ቆሎውን ሳይነካ በጋቢው ጫፍ ቋጠረው።

"ለምን አትበላውም?"

"ሚስቴ አለች፣ እትዬ። ልጅም አለችን።"

ሽማግሌዎቹ የፈረዱት ለአንድ ሰው ነበር። ኑርጃን ግን ከዚያ ወዲያ ለሦስት ሰው ያዘጋጁ ጀመር።

ወሬው ቀበሌ ደረሰ። ቀበሌው በዚያ ዓመት አዲስ መመሪያ አውጥቶ ነበር፤ ሳይታሰር ሰው የነከሰ ውሻ ይገደላል፣ ባለቤቱም ለቀበሌው መቀጮ ይከፍላል። ለተነከሰው ሰው ምን እንደሚደረግ መመሪያው አይናገርም። ቢተው የሚባለው ሊቀ መንበር ጠመንጃ ከያዘ አብዮት ጥበቃ ጋር ሲመጣ አራጌን በኑርጃን ደጃፍ ላይ በሶ ሲጠጣ አገኘው።

"የነከሰህ ይህ ውሻ ነው?"

አራጌ ጣሳውን አስቀመጠ። "የለም ጌታዬ። የአጥር እሾህ ነው የወጋኝ።"

"ጌታዬ ብሎ ነገር የለም፣ ጓድ በል። እሾህ ጥርስ አለው እንዴ?"

"የዚህ አገሩ አለው፣ ጓድ።"

ጥበቃው ሳቁን መያዝ አቃተው። ቢተው ቁስሉን አየ፣ ኑርጃንን አየ። ተነከስኩ የሚል ሰው ከሌለ የሚያስቀጣበት መንገድ አልነበረውም። "ውሻው ከዛሬ ጀምሮ ይታሰር" ብሎ ሄደ።

"ለምን ዋሸህ?" አሉት ኑርጃን።

"ውሻው ተገድሎ እርስዎም መቀጮ ከከፈሉ እኔን በምን ያበሉኛል?" ካለ በኋላ የተናገረው ነገር ራሱን አሳሰበው። "ግን እኮ እሾህ ነው ብያለሁ። እንግዲህ የሽማግሌዎቹ ፍርድ አይይዝዎትም።"

"ነገ በጊዜ ና" አሉት።

ቁስሉ ጠገገ። አራጌ ራሱ ሱሪውን ሰብስቦ ባቱን አሳያቸው። ጠባሳው ደርቆ ነበር። ኑርጃን ጎንበስ ብለው አዩትና "ገና ነው" አሉ። የእህል ዕደላው ደርሶት ቤተሰቡን ይዞ ወደ ወግዲ እስኪመለስ ድረስ ምግቡ አልተቋረጠም።

ማን አለኝ በሊቀ መንበሩ ትእዛዝ ታስሮ ከረመ። የታሰረ ውሻ ቢጮህም ማንንም አይመልስም፤ በዚያው ክረምት ሌቦች የመጋዘኑን የኋላ ግድግዳ ቦርቡረው ደህና ደህናውን ቆዳ ወሰዱ። ኑርጃን የቆዳውን ንግድ ትተው ገበያ ላይ ጨውና በርበሬ መሸጥ ያዙ። ከወግዲ የመጣ አንድ ደንበኛ ስለ አራጌ ሲጠይቁት፣ በሬ ስላልቀረለት ከጎረቤት ጋር እየተጋገዘ እንደሚያርስ ነገራቸው። ስለ ልጅቱም ጠየቁት። እሷን አላውቅም አላቸው። የጠየቀውን ጨው ሰፍረው ሰጡት።