ሽማግሌ የሚያወጣ ጎማ

ጎማ አውቃለሁ ማለቴ ነው ጉድ ያፈላብኝ። መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ስድስት ዓመት አሮጌ ጎማ ሸጫለሁ። እዚያ ጎማ የሚፈተነው በአውራ ጣት ጥፍር ነው። ጥፍር ካልገባለት ጠንካራ ነው፣ ኮረኮንች ይችላል። ከገባለት ለበረባሶ ሰሪው ይሰጣል። ቶሮንቶ ስገባ ይዤው የመጣሁት ዕውቀት ይኼ ነበር፤ ሌላ ብዙ የያዝኩት ነገርም አልነበረም።

በሰማንያዎቹ አጋማሽ፣ ጄን ኤንድ ፊንች በሚባለው የቶሮንቶ ሰፈር ፎቆች ሥር፣ በአንድ ሰፊ አሮጌ መኪና ካፖርት እያዞርኩ እሸጥ ነበር። አንዲት ልጅ መጥታ አንዱን ካፖርት ሦስት ጊዜ ዋጋ አስቀነሰችኝና ሳትገዛ ሄደች። በንግድ ዘመኔ እንዲህ ያሸነፈኝ ሰው ስላልነበረ፣ ከብዙ ምልልስ በኋላ ላገባት ቆረጥኩ። እሷም እሺ አለች። የቀረው አጎቷ ነበሩ።

አጎቷ ክሬሰንት ታውን በሚባለው ሰፈር፣ አንድ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ፣ እሷም የምትኖረው እሳቸው ዘንድ ነው። ከሁላችንም በፊት መጥተው ታክሲ የሚነዱ፣ ቀልድ ሲያወሩ እንኳ ፊታቸው የማይፈታ ሰው ናቸው። በወጉ ሽማግሌ ሲላክ አግቢው አብሮ አይሄድም። ችግሩ፣ ከላክኋቸው ሦስት ሽማግሌዎች አንዳቸውም መኪና አልነበራቸውም። ስለዚህ እኔው ነድቼ አድርሻቸው፣ እነሱ ሲገቡ መቀመጫዬ ላይ ዝቅ ብዬ ልደበቅ ተስማማን።

ታኅሣሥ ገብቶ በረዶው ስለጀመረ፣ ከሽማግሌዎቹ ቀን በፊት ዊንተር ታየር የሚሉትን የበረዶ ጎማ ልገዛ ወደ አንድ የአሮጌ ጎማ ነጋዴ ሄድኩ። ለመኪናዬ የሚሆኑ ሁለት ዓይነት አወጣልኝ። አንደኛው ጎኑ ላይ ሁለት መቶ አምስት በሰባ የሚል ቁጥር ያለው፣ ሰፊ፣ እንደ መስተዋት የሚያበራ የአሉሚኒየም ቸርኬ ላይ የተገጠመ። ሌላው መቶ ሰማንያ አምስት በሰባ አምስት፣ ቀጭን፣ ጥቁር የብረት ቸርኬ ላይ። ነጋዴው ቀጭኑን ውሰድ አለኝ። ጥፍሬን ብሰድበት እንደ ቅቤ ገባለት። ሰውዬው በረባሶ ሊሸጥልኝ ነው ብዬ በሆዴ ሳቅኩ። ሰፊው ላይ ጥፍሬ ሊሰበር ምንም አልቀረው፤ እሱን ገዛሁ። ሱፌን እንኳ እንደዚያ ተደስቼ አልገዛሁትም።

ቅዳሜ ጠዋት በረዶ እየወረደ ሽማግሌዎቹን ይዤ ሄድኩ። ወደ አጎቷ ሕንፃ በር የሚያወጣ ዳገት አለ፤ እዚያ መሐል ስደርስ ጎማው መዞሩን ቀጠለ፣ መኪናው ግን ሐሳቡን ቀየረ። ሽማግሌዎቹ በካፖርት ላይ ጋቢያቸውን እንደደረቡ ወርደው መግፋት ጀመሩ። መኪናው ወደኋላ፣ ከዚያም ወደ ጎን፣ በታላቅ ክብር ተንሸራተተ። ያ ሁሉ የሆነው በአጎቷ መስኮት ሥር ነው። ብዙም ሳይቆይ እሳቸው ራሳቸው አካፋና የጨው ከረጢት ይዘው ወረዱ። እኔ መቀመጫው ውስጥ ሰጥሜ የሚታየው ኮፍያዬ ብቻ ነበር። ጎንበስ ብለው በመስኮቱ አዩኝ።

«በወጉ አንተ እዚህ የለህም» አሉኝ።

«የለሁም ጋሼ።»

«እንግዲያው ከሌለህ፣ ውረድና ግፋ።»

መኪናውን ሜዳው ላይ ካደረስን በኋላ ሽማግሌዎቹ ወደ አራተኛው ፎቅ ወጡ። ሽማግሌ ተቀመጡ ተብሎ ከበላ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። የእኔዎቹ ግን ጫማቸው ምንጣፉ ላይ እየተንጠባጠበ በር ላይ እንደቆሙ ተመለሱ። አንጋፋው መልሱን አመጡልኝ። አጎቷ፣ ሰርጉ ቢሆን እንኳ ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ ጥር ውስጥ ነው የሚሆነው፤ ታዲያ ልጄን በዚህ ጎማ የት ያደርሳታል ብለዋል። በሚቀጥለው ቅዳሜ መኪናው ዳገቱን ከወጣ እንነጋገራለን፣ ካልወጣ ግን እናንተም አትውጡ።

ማክሰኞ ቤቴ በር ላይ ታክሲ ጥሩምባ ነፋ። ብወጣ አጎቷ ናቸው። «በወጉ እኔም እዚህ የለሁም፤ ግባ» አሉኝ።

ጎማዎቼን ፈትተን ታክሲው ኋላ ጭነን ወደዚያው ነጋዴ ሄድን። መንገድ ላይ በጉም የተሸፈነው መስኮት ላይ በጣታቸው ቁጥሮቹን ጻፉልኝ። የመጀመሪያው ስፋቱ ነው፣ ሁለተኛው ደግሞ ቁመቱ ከስፋቱ በመቶ ስንት እንደሆነ ይናገራል። ስፋቱን ስትቀንስ ቁመቱን ትጨምራለህ፣ ክቡ ያው ይሆናል። ሰፊ ጎማ በረዶ ላይ እንደ ሰፌድ ይንሳፈፋል፤ ቀጭን ግን ቆርጦ አስፋልቱን ያገኛል። ጠንካራውም ብርድ ሲነካው እንደ ጠርሙስ ይሆናል። በዚህ አገር የሚገዛው ጥፍር የሚገባለት ነው አሉኝ። ስድስት ዓመት ስሸጥ የኖርኩት ተገልብጦ ተነገረኝ። ነጋዴው ግን ምንም ሳይገርመው፣ እንደሚጠብቀኝ ሰው ቀጭኖቹን በር አጠገብ አስቀምጧቸው ነበር።

ለውጠን ተመልሰን መኪናዬ ላይ ስንገጥማቸው፣ ጥቁሩ ቸርኬ ግን አልዋጥልህ አለኝ። ለሙሽራ መኪና ይኼ አያሳፍርም ወይ ብዬ አጉረመረምኩ።

«ልጅቱ የምትቀመጠው ውስጥ ነው» አሉ የቸርኬውን ዳዶ እያጠበቁ። «ቸርኬውን የሚያየው ሌላ ሰው ነው።»

ቅዳሜ በረዶው ጉልበት ደረሰ። አንጋፋው ሽማግሌ የራሳቸውን አካፋ ይዘው መጡ፤ እምነት የላቸውም። ዳገቱ ሥር ደርሰን ቀስ ብዬ ነዳጅ ሰጠሁት። መኪናው እንደ ፍየል ወጣ። በሩ ፊት ለፊት ስደርስ ማመን ስላቃተኝ ዞሬ ወረድኩና እንደገና ወጣሁ። ሳቅ ጀመረኝ፣ ማቆም አልቻልኩም። ለሦስተኛ ጊዜ ስወርድ ከኋላ ያሉት ሁለቱ እንደ ልጅ ይስቁ ነበር። አንጋፋው ግን አካፋቸውን አቅፈው፣ ልጄ የመጣንበትን ጉዳይ እንፈጽም እያሉ ይለምኑኛል። ቀና ስል እሷ መስኮቱ ላይ ቆማ ስንቴ እንደወጣሁ በጣቷ ትቆጥራለች።

አምስተኛው ላይ አወረድኳቸው። ከዚያ ወጉን ጠብቄ ዝቅ ብዬ ተደበቅሁ። ቆዩ። መስተዋቱ በትንፋሼ ጭጋግ ሆነ፣ ሁለት መቶ አምስት ብዬ ጻፍኩበት፣ አጠፋሁት፣ መቶ ሰማንያ አምስት ብዬ ጻፍኩበት። አሁንም አልወረዱም። ተቀምጠዋል ማለት ነው፣ ወይም ደግሞ እግራቸው ከድቷቸዋል።

በመጨረሻ አራተኛው ፎቅ ላይ መስኮት ተከፈተና አጎቷ አንገታቸውን አወጡ።

«አንተ እዚያ የሌለኸው ሰውዬ፣ ምሳ ቀርቧል፣ ና ውጣ» አሉ።

ሊፍቱን አልጠበቅኩም። የመኪናዬን ሞተር እንዳላጠፋሁ ትዝ ያለኝ ሁለተኛው ሽሮ ሲጨመርልኝ ነው።